አየርላንዳዊ ቅድመ አያትን በመዝገብ መፈለግ

ፍለጋውን ስደተኛው ከሰፈረበት አገር ይጀምሩ። «አየርላንድ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ታውንላንድ የምትባለዋ ትንሽ የመሬት ክልል፣ ቢያንስ የደብሩ ስም ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብና የመቃብር ድንጋይ ከሁሉ ቀድመው ይታዩ።

የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሙሉ የተጀመረው በ1864 እ.ኤ.አ. ነው፤ የካቶሊክ ያልሆኑ ጋብቻዎች ግን ከ1845 ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ የካቶሊክ ደብር መዝገቦችን የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነጻ በድረ ገጹ ያሳያል።

ከ1821 እስከ 1851 የነበሩት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኞቹ በ1922 ደብሊን ውስጥ ተቃጥለዋል። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው የግሪፊት የመሬት ግምት የሚባለው፣ ለግብር ሲባል የተዘጋጀ የይዞታዎች ዝርዝር (1847–1864) ነው፤ የሚመዘግበው ግን ባለ ይዞታውን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም።

በ1911 ቆጠራ ላይ ያለን ዕድሜ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ከ1909 ጀምሮ ጡረታ ለ70 ዓመት ሰዎች ይከፈል ስለነበር ብዙዎች ዕድሜያቸውን ጨምረዋል። የቤተሰብ ስም ፊት ያለው «ኦ» አንዳንዴ ይጣላልና ስሙን በሁለቱም መልክ ይፈልጉ።