ሦስተኛው ዙር ላይ ትንፋሽ ሲያጥር፦ ችግሩና መፍትሄው

ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ በዙር የሚሠራ ፈጣን ስፖርት (ጥቂት ሰከንድ ሥራ፣ ጥቂት ሰከንድ ዕረፍት) ሰው ማሠራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ማሟሟቁን ታውቁታላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ።

ምልክቱ

የመጀመሪያው ዙር በርፒ (ቁጢጥ ብሎ እጅን መሬት ማስደገፍ፣ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ተነስቶ መዝለል) እንደ ጉድ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ እጅ ጉልበት ይይዛል፣ ፊት ይገረጣል፣ ያቅለሸልሻል። በሁለተኛው ሳምንት ሰውየው ይጠፋል።

ምክንያቱ

ሁሉም "ሳንባዬ ደካማ ነው" ይለኛል። አይደለም! ጥፋቱ ያለው የመጀመሪያው ዙር ላይ ነው። ያለውን ጉልበት በ20 ሰከንድ ጨርሶታል።

20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ 8 ዙር የሚባለው በጃፓናዊው ተመራማሪ በኢዙሚ ታባታ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ጥናት ግን የተሠራው ስፖርት በለመዱ ወጣቶች ላይ ነው፣ ያውም በማይንቀሳቀስ ብስክሌት። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው በዚህ መጀመር የለበትም።

ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። ለዕረፍት ከዱባይ የመጣች ልጅ እዚያ 8 ዙር ትጨርስ ነበር። እዚህ አራተኛው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዕረፍቷን አስረዘምኩላት። በአሥረኛው ቀን ትንፋሿ ተመለሰ።

መፍትሄው

ለመጀመሪያው 2 ሳምንት 20 ሰከንድ ሥሩ፣ 40 ሰከንድ ዕረፉ፣ 6 ዙር። በየዙሩ ስንት እንደሠራችሁ ቁጠሩ። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ከ1 በላይ ከቀነሰ አነሳሳችሁ ፈጥኗል።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ሠርጉ ደርሶበት "ቦርጬን በአንድ ወር አጥፋልኝ" ብሎ መጣ። በመጀመሪያው ቀን 11፣ 8፣ 5፣ 3 በርፒ ሠርቶ ቁጭ አለ። ቁጥሩን በጠመኔ ደረጃው ላይ ጻፍኩለት፤ 27። ከሁለት ቀን በኋላ ከ6 እንዳያልፍ ከለከልኩት። 6፣ 6፣ 6፣ 6፣ 6፣ 5። 35! ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግሞ አያቸው።

ግባችሁም እንዲህ ያለ ቁጥር ይሁን፤ በ6 ሳምንት ከ35 ወደ 45፣ ለምሳሌ። ቦርጭ በጥቂት ደቂቃ ዝላይ አይጠፋም፣ ማዕዱም መስተካከል አለበት። በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። በየቀኑ የሚሠሩትን ብለምን ብለምን አይሰሙኝም፣ ከዚያ ጉልበታቸውን አሟቸው ይመጣሉ።

ሌሎች

ቅልጥም ካመመ፦ ሲሚንቶ ላይ መዝለል አቁሙ፣ ሶሉ ያለቀውን ጫማ ጣሉ።

የእጅ አንጓ ካመመ፦ ፑሽ አፕ ስትሠሩ እጃችሁን ከፍ ያለ ደረጃ ላይ አድርጉ።

ስኳት (ቁጭ ብድግ) ላይ ጉልበት ካመመ፦ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እየገባ እንደሆነ መስታወት ፊት እዩ።

መንሸራተት፦ ርካሽና ስስ ምንጣፍ ሴራሚክ ላይ አታንጥፉ። እባካችሁ! በዚህ ምክንያት ክንድ ሲሰበር አይቻለሁ።

ጾም፦ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማትቀምሱ ከሆነ ልምምዱን ወደ ማታ አዙሩት።

ደረት ከጨመደደ ወይም ራስ ከሳተ፦ ወዲያው ማቆም፣ ሐኪም ቤት። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረም እንደዚያው። እስከ ነገ አትጠብቁ።