የአስከሬን ሳጥን የሚያርፍበት መድረክ እንዴት ይሠራል?

ለሽኝት ሳጥኑን ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያሳርፉ አሉ። አታድርጉት። ፈረንጆቹ ካታፋልክ የሚሉትን ጨርቅ የለበሰ መድረክ ጎበዝ አናጢ በቀላሉ ይሠራዋል። ውድ እንጨትም አያስፈልገውም። በ1865 እ.ኤ.አ. ለአብርሃም ሊንከን የተሠራውና እስከ ዛሬ በዋሽንግተን ካፒቶል የሚያገለግለው መድረክ፣ ያልተላገ ሳንቃ በሚስማር ተመትቶ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ነው።

ላይኛው ገጽ 2 ሜትር ከ10 በ75 ሳንቲ ይበቃል። ቁመቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ይሁን። ፊት የሚገለጥ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። እግሩንና ወገቡን በሞራሌ፣ ላዩን በወፍራም ኮምፔንሳቶ ሥሩ። ቺፑድ አልመክርም።

ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ሳጥን ከላይ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ አንዱን ጫፍ ያሳርፋሉ፣ ከዚያ እየገፉ ያስገቡታል። ያን ጊዜ ክብደቱ ጫፍ ላይ ነው፣ ግፊቱም ወደ ፊት። እግሮቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ከተተከሉ ሌላኛው ጫፍ ብድግ ይላል። ስለዚህ እግሮቹን ጥግ ጥጉ ላይ ትከሉ። በአራቱም ጎን ሰያፍ መወጠሪያ ጨምሩ። ሚስማር ውሎ አድሮ ይላላል፣ ቡሎን ይሻላል። ስትጨርሱ ሁለት ጎረምሳ አንዱ ጫፍ ላይ አስቀምጡና ከኋላ ግፉት። ከተወዛወዘ ሥራው አላለቀም።

ከላይ ደግሞ 3 ሳንቲ ውፍረት ያላቸው ሁለት እንጨቶች በርዝመቱ አጋድማችሁ ምቱ። በመካከላቸው 25 ሳንቲ ይኑር፤ ሳጥኑ እግርጌው ጋ ይጠባል። በእነሱ ላይ ይንሸራተታል፣ የተሸካሚውም ጣት ከሥር ይወጣል። ይህ ሲቀር ጣት ይጨፈለቃል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ጮሆ የሚናገር የለም። መጨረሻው ላይ ዝቅ ያለች ማቆሚያ አትርሱ።

ከሥሩ ደረጃ የሚጨምሩም አሉ። የሊንከኑ ወርዱ 1 ሜትር ከ83፣ ከፍታው 23 ሳንቲ ገደማ የሆነ ወለል አለው። ተሸካሚው ሁለት እግሩን አሳርፎ የሚቆምበት ስፋት ከሌላችሁ ግን ቢቀር ይሻላል። ሸክም ይዞ ደረጃ መፈለግ መውደቂያ ነው።

ለጨርቁ ከፋይ ግዙ። ሳቲን ያብለጨልጫል፣ ሲወጠርም እያንዳንዱን ጉድለት ያሳያል። ጥቁር የተለመደ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ዌስትሚኒስተር አዳራሽ ለንግሥት ኤልሳቤጥ የቆመው ግን ወይን ጠጅ ለብሶ ነበር። ላዩን ወጥራችሁ በስቴፕለር ምቱ፣ ጎኑን እያጣጠፋችሁ አንጠልጥሉ። ከወለሉ 2 ሳንቲ ከፍ ይበል፣ አለዚያ ይረገጣል። ጧፍ ካለ ከጨርቁ ይራቅ።

ካህናቱ እያጠኑ የሚዞሩበት ቦታ ዙሪያውን ተዉ። አቅጣጫውን ሳጥኑ ሳይገባ ጠይቁ፣ ካረፈ በኋላ ማዞር ከባድ ነው። ምእመን እግሩ ወደ መሠዊያው ይሆናል። በካቶሊኮች የቆየ ሥርዓት ግን ሟቹ ካህን ከሆነ ራሱ ነው ወደ መሠዊያው የሚሆነው።

መድረኩ የእድር ንብረት ከሆነ እግሮቹ የሚፈቱ ይሁኑ። ቡሎኖቹን በከረጢት አድርጋችሁ እዚያው ከገበታው ሥር እሰሩ፤ ዕቃ ቤት ገብተው ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው።