አሮጌ ስፖርት መኪና ማቅለል፦ ከመጋላ ባስኩላ እስከ ደንገጎ ዳገት

የእኔ ፊያት 850 ስፓይደር ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ልረከባት ስሄድ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋ አገኘሁ። "ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ትንሽ ታገስ" ተባልኩ። ሁለት ሳምንት ታገስኩ።

እንዲህ ዓይነት መኪና ይዛችሁ ጋራዥ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ምክር አንድ ነው፦ "ሞተሯን ቀይርና እረፍ።" አትስሟቸው። መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። ይቺ መኪና እ.ኤ.አ. በ1965 ስትወጣ 843 ሲሲ ሞተርና 49 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ክብደቷ ባዶዋን 735 ኪሎ ገደማ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ግን በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች 49ኙ እዚህ 43 ይሆናል። ሐረር ስትደርሱ 40 ቢቀር ነው። የድሬ የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ከመኪናዋ ላይ አውርዳችሁ የጣላችሁትን ኪሎ ግን ከፍታም ሙቀትም መልሶ አይጭንባችሁም።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት መዝኗት። እኔ መጀመሪያ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አወጣኋት። እሱ በ20 በ20 ኪሎ ነው የሚቆጥረው። ለሲኖትራክ ይበቃል፣ ለእኔ ግን ሁለት ወንበር ፈትቼ ባወርድ እንኳ ላያውቅልኝ ይችላል። መጋላ ሰፈር ካለ እህል ነጋዴ ባለ 300 ኪሎ ባስኩላ (ጆንያ የሚመዘንበት የመሬት ሚዛን) ተከራየሁ። አንዱን ጎማ ባስኩላው ላይ ታወጡና ሌሎቹን ሦስቱን በጣውላ ልክ ባስኩላው ከፍታ ታደርሳላችሁ። ይቺን እንዳትዘሏት፤ መኪናዋ ትንሽ ካዘነበለች ቁጥሩ ውሸት ነው። አንዱን ጎማ መዝናችሁ ወደ ሌላው ትዞራላችሁ። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንኩ) ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 750 ግራም ይመዝናል፣ ግማሽ ታንክ ሒሳቡን ያበላሻል። የአራቱን ጎማ ስደምር 782 መጣ። ፋብሪካ ከሰጣት 47 ኪሎ ትርፍ ማለት ነው። አቦ! ምን በልታ ነው?

መልሱን ያገኘሁት ቀለሙን ስፍቅ ነው። የግራ በሯ ከታች በኩል ስቱኮው (ጎድጓዳ የሚሞላበት ልጥፍ) አንድ ጣት ይወፍራል። ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከዚያ ሥር ሌላ ስቱኮ። ቅጥቀጣ የሰለቸው ሁሉ ለጥፎባታል። ፍርፋሪውን በስኳር ጆንያ ሰብስቤ ሽንኩርት ሻጯ ጋ ወስጄ ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 14 ኪሎ። "ይሄን ነው የምትሸጠው?" አለችኝ። ወለሉ ደግሞ ባሰ። የሆነ ሰው የዛገውን ሳይቆርጥ ከላዩ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ በይዶበታል። ብረት በአንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ 8 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እኔ አንድ ካሬ ያህሉን ቆርጬ አውጥቼ በ1 ሚሊ ተካሁት፤ ከ15 ኪሎ በላይ ወረደ። የዛገው ራሱ ለብቻው ነው። ከፓራውርቱ (ከመከላከያው) ጋር የተበየደው ጠባቂ ብረትና መጎተቻው 17፣ የወለሉ ሬንጅና ምንጣፉ 11፣ ወንበሮቹን በቀላል መቀየር 9፣ ልዩ ልዩው ተጨምሮ በአራት ወር 711 ላይ ደረስኩ። የወረደውን ሁሉ በደብተር ጻፉት። ሳትመዝኑ "ይሄ ቀላል ነው" የምትሉት ነገር ሁልጊዜ ያሳስታችኋል።

አሁን የማይነካውን ልንገራችሁ። እንደ ስፓይደር ያለ ጠንካራ ጣሪያ የሌለው መኪና ጥንካሬው ከበሩ ሥር ባሉት ሁለት ሳጥን መሰል ብረቶች ውስጥ ነው። እነሱን ለማቅለል መሰርሰሪያ አታስጠጉ። እኔ እነሱን ባልነካም የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ማንጠልጠያ ወንፊት አድርጌው ነበር። ያተረፍኩት 200 ግራም ነው። ከድሬ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ተሰንጥቆ ማርሚታው አስፋልት ሲጎተት ከኋላዬ ያለው ጫት ጫኝ ጥሩምባውን አላቆመም። በሽቦ አስሬ ወረድኩ።

ሁለተኛው ስህተቴ ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) ነው። የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ከክብደቷ ከመቶ ስልሳ በላይ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው። ስኮርታው የሚቀመጠው ከፊት። እኔ 13 ኪሎ አገኘሁ ብዬ አወጣሁት። በመጀመሪያው ሹል ኩርባ መሪው ባዶ ሆነ፤ አዞርኩት፣ አፍንጫዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። በማግስቱ መለስኩት። ስለዚህ ኪሎ ስታወርዱ ከየት እንዳወረዳችሁም ጻፉ። ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ከኋላ አውርዱ። ከጎማና ከቸርኬ የሚወርደው ደግሞ እስከ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ አለው፤ ወደፊት የሚሄድም የሚሽከረከርም ክብደት ስለሆነ። ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት) ላስቀንስ ስል የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑት የቶርኖ ባለሙያ በጣታቸው አንኳኩተው፣ "አንተ ልጅ፣ ይሄ ቢፈነዳ እግርህን ነው የሚወስደው" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ ይዤው ተመለስኩ።

መጨረሻ ላይ ፈትኗት። ደንገጎ መውጫ ላይ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ ዳገት ምረጡና መነሻና መድረሻችሁን በድንጋይ ምልክት አድርጉ። በሦስተኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መነሻውን ስታልፉ ነዳጅ እስከ መጨረሻው። ሰዓት የሚይዝ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ያው ሰውዬ ይሁን፣ ክብደቱ እንዳይቀየር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አየሩ ሳይሞቅና አይሱዙዎቹ ሳይበዙ። በፊት 41 ሰከንድ ነበር። አሁን 37። በዚያው ቀን በቀትር ደገምኩት፤ 39 አለኝ። ሙቀቱ ነው።

ከዳገቱ ስትመለሱ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ በዝቶባታል ማለት ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ አንድ ቁጥር ባነሰች ቀይሩ። የእኔ በሁለት ቁጥር ቀንሳ ካንዴላው ቡናማ ሆነ። ትልቋን ግን አልጣልኳትም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ሥር አስሬያታለሁ። አንድ ቀን በድንበሯ ከተማ በደወሌ አድርጌ ወደ ጅቡቲ ብወርድ አየሩ ይወፍራል፣ በትንሿ ከነዳሁ ቤንዚን አንሷት ፒስተን ታቀልጥብኛለች።