የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት ክፍያ፦ እንዴት ይሰላል፣ እንዴትስ ይከፈላል?

«ሰርተፊኬቱ ስንት ነው?» ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ባሉ የላኪዎችና የዩኒየኖች ቢሮዎች ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ቁርጥ ያለ መልስ ግን የለውም። የሚከፈለው ለኢንስፔክተር ቀን፣ ለላቦራቶሪ ናሙናና ለወረቀት ሥራ ስለሆነ፣ ሒሳቡን የሚያንረውም የሚያቀለውም ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የሠሩት ዝግጅት ነው። ከታች ያለው አካሄድ በቡና የተብራራ ቢሆንም ለሰሊጥ፣ ለማርና ለቅመማ ቅመምም ያገለግላል።

1. ምርቱ የሚያልፍባቸውን እጆች ይዘርዝሩ

አንድ ወረቀት ይያዙና ምርቱ ከማሳ ተነስቶ ኮንቴይነር እስኪገባ ድረስ የሚነካውን ሁሉ በተራ ይጻፉ። ለታጠበ ቡና ገበሬው፣ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ የእሸት መፈልፈያ ጣቢያው፣ አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ ያለው ማበጠሪያ፣ መጋዘኑና ላኪው ይሆናሉ። ለማር ማጣሪያውና ማሸጊያው ይገባሉ። ምርቱን የሚያቀነባብር፣ ከጆንያ ወደ ጆንያ የሚገለብጥ፣ በራሱ ስም ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ ቁጥጥሩ ይመለከተዋል። ማበጠሪያው የኪራይ ነው ተብሎ አይዘለልም፤ በውል ወደ ቁጥጥሩ መግባት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ኢንስፔክተሩ መንገድ ከጀመረ በኋላ ሲታወቅ ያልታሰበ ቀንና ያልታሰበ ሒሳብ ይወልዳል።

2. መስፈርቱን ገዢው ይምረጥልዎት

አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አላት፤ የውጭ ገዢ የሚጠይቀው ግን የራሱን ገበያ ሕግ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2018/848፣ ለአሜሪካ ኤን.ኦ.ፒ. (ብሔራዊ የኦርጋኒክ ፕሮግራም)፣ ለጃፓን ጃስ (የጃፓን የግብርና ምርት ደረጃ) ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ለብቻው ይከፈልበታል። ገዢ ሳይኖር «ለማንኛውም ይኑረን» ተብሎ የሚጨመር መስፈርት በየዓመቱ ገንዘብ የሚበላ ወረቀት ብቻ ነው።

ሰርተፊኬት ሰጪውን ሲመርጡ በአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር ውስጥ ስሙ መኖሩን ብቻ አይተው አይለፉ። ዕውቅናው የሚሰጠው በአገርና በምርት ምድብ ተለይቶ ስለሆነ፣ ለኢትዮጵያም ለእርስዎ ምርትም የተፈቀደለት መሆኑን ያረጋግጡ።

የሽግግር ጊዜውንም በጀት ውስጥ ያስገቡ። በአውሮፓ ደንብ እንደ ሰሊጥ ላሉ ዓመታዊ ሰብሎች ከመዘራታቸው በፊት 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላሉ ቋሚ ተክሎች ከመጀመሪያው የኦርጋኒክ ምርት በፊት 3 ዓመት ይጠይቃል። አሜሪካ ደግሞ ከምርት መሰብሰቢያው በፊት የተከለከለ ነገር ያልነካው 36 ወር ትፈልጋለች። በእነዚህ ዓመታት ቁጥጥሩ ይከፈልበታል፤ ምርቱ ግን በኦርጋኒክ ዋጋ አይሸጥም። ማሳው ማዳበሪያም ኬሚካልም እንዳልነካው በማስረጃ ካሳዩ አውሮፓ ያለፈውን ጊዜ ሊቆጥርልዎት ይችላል። «እኛ ዘንድ ኬሚካል አይታወቅም» የሚል የቃል ምስክርነት ግን ማስረጃ አይሆንም።

3. የአባላቱን ቁጥር አስቀድመው ይወቁ

ከሁሉም በላይ ክፍያውን የሚወስነው ይህ ነው። በአውሮፓ ደንብ ገበሬዎች በቡድን ሰርተፊኬት ማግኘት የሚችሉት ቡድኑ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ሲኖረው፣ አባላቱ ከ2,000 ካልበለጡና የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት፣ ማለትም ቡድኑ አባላቱን ራሱ የሚቆጣጠርበት አሠራር፣ ሲኖረው ነው። በአባል ደረጃ ደግሞ ዋናው መለኪያ የመሬቱ ስፋት ነው፤ እስከ 5 ሄክታር ያለው በቀላሉ ይገባል። ሰርተፊኬቱ የሚወጣው በገበሬዎቹ ቡድን ስም ነው። ላኪው ወጪውን ልሸፍን ካለ በውል ይሸፍናል፤ በዚያ ምክንያት የሰርተፊኬቱ ባለቤት አይሆንም። ይህን ለማኅበሩ አመራር በግልጽ ቢነግሩ ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይድናሉ።

2,001ኛው አባል ሲመዘገብ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ሕጋዊ ሰውነት፣ ሁለት የውስጥ ቁጥጥር መዝገብ፣ ሁለት ዓመታዊ ክፍያ ማለት ነው። በሌላ በኩል በጣም ትንሽ ቡድንም ይጎዳል። ኢንስፔክተሩ በዓመት ቢያንስ 5 በመቶ አባላትን፣ ከ10 ባላነሰ ቁጥር፣ ማየት አለበት። የ150 ሰው ቡድን 5 በመቶ 8 እንኳ አይሞላም፤ የሚታዩት ግን 10 ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ በየዓመቱ ከ2 በመቶ አባላት ናሙና ይወሰዳል።

የአሜሪካው ስሌት ይለያል። የአባላት ቁጥር ካሬ ሥር በ1.4 ተባዝቶ ወይም 2 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። 2,000 አባላት ላለው ቡድን አውሮፓ 100 ገበሬ ስትጠይቅ አሜሪካ 63 ትጠይቃለች። ስለዚህ ሁለቱም መስፈርቶች የሚፈለጉ ከሆነ በአንድ ጉዞ እንዲጠናቀቁ ይዋዋሉ፤ 63ቱ በ100ው ውስጥ ይሸፈናሉ። በተለያየ ወር ሁለት ጊዜ ኢንስፔክተር የሚያስመጣ ቡድን የመስኩን ወጪ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

4. ራስዎ አስልተው ይጠብቁ

የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ የማንም ድርጅት ተመን አይደሉም። የእርስዎን ቁጥር በቦታቸው ያስገቡ። 2,000 አባላት፣ ሁለት መፈልፈያ ጣቢያና አንድ ማበጠሪያ ያለው ቡድን እንውሰድ።

100 ገበሬ በቀን 10 ቢታይ 10 ቀን ይሆናል። ለቢሮና ለውስጥ ቁጥጥር መዝገብ 1፣ ለጣቢያዎቹ 2፣ ለማበጠሪያው 1፣ ለመንገድ 2፣ ለሪፖርት 2 ቀን ሲጨመር 18 ቀን ይመጣል። የቀኑ ዋጋ 300 ዩሮ ቢሆን 5,400 ዩሮ ነው። ናሙናው 40 ነው፤ አንዱ በ200 ዩሮ ቢመረመር 8,000 ዩሮ። ዓመታዊ ክፍያ 1,500 ዩሮ ሲታከልበት ድምሩ 14,900 ዩሮ ይደርሳል፤ የመኪናና የአበል ወጪ ገና አልገባም።

ልብ ይበሉ፣ ላቦራቶሪው ከኢንስፔክተሩ በልጧል። ብዙ ሰው የሚከራከረው ግን በቀን ዋጋው ላይ ነው። ምርመራው በጥቅል ዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? የኩሪየር ወጪውስ? የሚመረመረው ምን ምን ንጥረ ነገር ነው? እነዚህን ያስጽፉ።

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በጠቅላላው 19,200 ኪሎ ቡና ይይዛል። ከላይ ያለው ወጪ በ5 ኮንቴይነር ሲካፈል በኪሎ 15.5 ሳንቲም ዩሮ ገደማ ነው። አንድ ኮንቴይነር ብቻ ከተሸጠ በኪሎ ወደ 78 ሳንቲም ያድጋል። ገዢው ለኦርጋኒክ የሚጨምረው ከዚህ በታች ከሆነ ሰርተፊኬቱ ገበሬውን አይጠቅምም፤ ፊርማው ከመቀመጡ በፊት ይህን ማወቅ ለገበሬው የሚገባ ክብር ነው። ወጪው ከእሸት ዋጋ ላይ የሚቀነስ ከሆነም በጠቅላላ ጉባኤ ይነገር፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

5. ፕሮፎርማ ይጠይቁ፣ በተመሳሳይ መረጃ

ለሦስት ድርጅቶች አንድ ዓይነት መረጃ ይላኩ፦ የአባላት ቁጥር፣ ሄክታር፣ የጣቢያና የመጋዘን ብዛት፣ የሚፈለጉ መስፈርቶች፣ በዓመት ይላካል ተብሎ የሚታሰበው ኮንቴይነር። መረጃው ከተለያየ ዋጋውን ማወዳደር አይቻልም። የአሜሪካ ሕግ ሰርተፊኬት ሰጪው የጠቅላላ ወጪ ግምትና የዓመታዊ እድሳት ግምት እንዲሰጥ፣ የትኛው ክፍያ ከየትኛው ደረጃ በኋላ እንደማይመለስም በተመኑ ላይ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል። በአውሮፓ መስፈርት ለሚሠራውም ይህንኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ሦስት መስመር ይፈልጉ፦ ጉድለት ሲገኝ ለሚደረግ ተጨማሪ ጉብኝት፣ ሳይነገር ለሚደረግ ጉብኝትና ለእያንዳንዱ ጭነት ለሚወጣ ሰርተፊኬት ስንት ይከፈላል? በፕሮፎርማው ላይ ካላገኟቸው በነፃ ናቸው ማለት አይደለም።

ለቡና ጥያቄውን ከግንቦት እስከ ሰኔ ማቅረብ ጥሩ ነው። ኢንስፔክተሩ እሸት በሚለቀምበት፣ ጣቢያው በሚሠራበት ጊዜ መገኘት አለበት። ጣቢያው ተዘግቶ ከመጣ ሌላ ጉዞ ሊያስፈልግ ይችላል።

6. ቀን የሚበሉትን ነገሮች ያጽዱ

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ የሚከፍተው የገበሬዎች ዝርዝሩን ነው። አንዱ ሰው በመዝገቡ «ገብረ ሥላሴ»፣ በእሸት መግዣ ደረሰኙ «ገ/ስላሴ»፣ በውስጥ ቁጥጥር ቅጹ ደግሞ በአባቱ ስም ብቻ ይገኛል። መሬቱ በአንዱ ቀበሌ በጥማድ፣ በሌላው በሄክታር ተጽፏል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ 1,500 ኪሎ እሸት ያመርታል ተብሎ ተገምቶ በደረሰኝ 2,300 ኪሎ አስረክቧል። ትርፉ 800 ኪሎ ከየት መጣ? ከጎረቤት የተቀላቀለ ከሆነ ችግሩ የአንድ ገበሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እንዲህ ያለ መስመር 20 ቢገኝ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥተው በመዝገቡም በደረሰኙም በካርዱም ላይ ያኑሩ፤ ግምቱንና የተረከቡትን በየሳምንቱ ያስተያዩ። የታጠበ ቡና 1 ኪሎ ከ6 ኪሎ ገደማ እሸት እንደሚወጣ ስለሚታወቅ፣ የጣቢያው መዝገብም ከዚህ ብዙ እንዳይርቅ ይመልከቱ።

ሁለተኛው ችግር ያለው ከረጢት ላይ ነው። ገበሬው እሸቱን የሚያመጣበት «ማዳበሪያ» የምንለው ከረጢት ትናንት ዩሪያ የያዘ ሊሆን ይችላል። ማበጠሪያው ውስጥ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ለነቀዝ የተጠቀመበት የፎስቶክሲን ጣሳ ጥግ ላይ ተረስቶ ይገኛል። ናሙናው ላይ የኬሚካል ቅሪት ከታየ ምርመራ ይከፈታል፣ ጭነቱ ይታገዳል፣ ምርመራውና ድጋሚ ጉብኝቱም በእርስዎ ሒሳብ ይሆናል። አዲስ ከረጢት መግዛትና መጋዘኑን በውል ለይቶ መያዝ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

7. ክፍያውን ይላኩ

ሰርተፊኬት ሰጪው እዚህ ቢሮ ኖሮት በብር የሚያስከፍል ከሆነ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ ደረሰኙን ለሒሳብ ሠራተኛዎ ያስረክቡ። ከውጭ አገር የሚያስከፍል ከሆነ በውጭ ምንዛሪ መላክ ግድ ነው፤ ላኪ ከሆኑ ከሪቴንሽን ሒሳብዎ (ከወጪ ንግድ ያገኙት የውጭ ምንዛሪ ከሚቀመጥበት ሒሳብ) ይከፍላሉ። ባንኩ ውልና ኢንቮይስ ይጠይቃል። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ስም ከንግድ ፈቃድዎ ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ጥያቄው ይመለሳል፤ እርማቱም ከውጭ እስኪመጣ ቀናት ይበላል።

ለላኪውና ለተቀባዩ ባንክ የሚከፈለውን ኮሚሽን ማን እንደሚሸፍን ማዘዣው ላይ ይግለጹ። ካልገለጹ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ዩሮ ይጎድላል፣ ሒሳቡ አልተዘጋም ይባላል፣ ሰርተፊኬቱም ይያዛል። 30 ዩሮ ጎድሎ ኮንቴይነር መቆም የለበትም። ለውጭ ድርጅት የሚከፈል አገልግሎት ላይ ተቀናሽ ታክስ ሊኖር ስለሚችል፣ ውሉ ዋጋው ታክስ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን እንዲናገር ያድርጉ። ዝም ካለ ታክሱ እርስዎ ላይ ይወድቃል።

በጀቱን በብር ሲይዙ በፕሮፎርማው ቀን ምንዛሪ አይመኑ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሚከፈልበት ወር የሚኖረውን የባንክ መሸጫ ዋጋ ገምተው መጠባበቂያ ይጨምሩበት።

8. የጭነት ሰርተፊኬቱን አይርሱ

ዓመታዊው ሰርተፊኬት ተሰጠ ማለት ኮንቴይነሩ ይገባል ማለት አይደለም። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ እያንዳንዱ ጭነት ሲኦአይ የሚባለው የቁጥጥር ሰርተፊኬት ትሬሲስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የኢንተርኔት ሥርዓት ይወጣል፤ ጭነቱ ከኢትዮጵያ ሳይወጣ መሰጠት አለበት። ወደ አሜሪካ የሚሄደውም ከመጋቢት 2016 ጀምሮ የራሱ የማስገቢያ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ሁለቱም በየጭነቱ ይከፈልባቸዋል፤ በችኮላ የሚጠየቅ ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። የሽያጭ ውል፣ የክብደት ዝርዝርና የሎት ቁጥር ቡናው ማበጠሪያው ላይ እያለ ለሰርተፊኬት ሰጪው ይላኩ። መኪናው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ የተጠየቀ ሲኦአይ ቡናውን በመደበኛ ዋጋ እንዲሸጥ ሊያስገድድ ይችላል፤ የዓመቱ ክፍያም ለዚያ ኮንቴይነር ምንም አላተረፈም።