ልጃችሁ ላይ ሌሊት ሽፍታ ሲወጣበት፣ በየመስከረሙም ሲያስነጥሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትይዙት

የፋሲካ ለት ሌሊት 9 ሰአት ላይ ልጄ እያለቀሰች ቀሰቀሰችኝ፣ መብራት አብርቼ ሳያት ሆዷና ጭኗ በአለንጋ የተገረፈች ይመስል ሰንበር በሰንበር ሆኗል፣ አንዱ የሳንቲም ያህል ነው፣ ሌላው ተንሰራፍቶ ከጎኑ ካለው ጋ ተገናኝቷል፣ እሷ በሁለት እጇ ታካለች። ያኔ 4 አመቷ ነበር። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ነጠላዋን ደርባ መጣችና «ምች ነው ልጄ፣ ዳማከሴ አሽተሽ ቀቢያት» አለችኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ «እንቁላሉ ነው፣ ሁዳዴን ሙሉ ቤት ውስጥ እንቁላል ሳይሰራ ከርሞ ዛሬ በላች» አለ። ሁለቱም አልነበረም። እስክናውቀው ድረስ ግን ልጅቷ 5 ወር ሙሉ እንቁላል ሳትቀምስ ከረመች፣ የሰው ልደት ላይ ሁሉም ኬክ ሲበላ እሷ ብቻ ሙዝ ይዛ ቁጭ ብላ ሳያት እስካሁን ያመኛል።

እኔ ሀኪም አይደለሁም። የህጻናት ሀኪም ያስረዳችኝን እና ከዛ ወዲህ በልጄ ላይ እያየሁ የተማርኩትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ትንፋሹን እዩ

ሽፍታውን ከመቁጠራችሁ በፊት ልጁ እንዴት እንደሚተነፍስ እዩ። ከንፈሩ ወይ ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ደረቱ ሲጥ ሲጥ ካለ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሀል ስርጉድ ስርጉድ ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ዝልፍልፍ ካለ ወይ ራሱን ሊስት ከመሰለ ያ ተራ ሽፍታ አይደለም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ልጅ ሊገድል የሚችል ከባድ አለርጂ ነው። ንብ ከነደፈው ወይ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ዓሳ፣ እንቁላል በልቶ ወዲያው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትጠራጠሩ። ሽሮፕ ልስጠውና ልየው አይባልም፣ ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና ቀድሞ በተገኘው ወደሚቀርባችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ እኛ ባህር ዳር ከሆንን ፈለገ ህይወት ወይ ጥበበ ግዮን። የሚያድነው ጭኑ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፣ የአለርጂ ሽሮፕ እሱን አይተካም። መንገድ ላይ አጋድሙት፣ መተንፈስ ከከበደው ደገፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ግን አቁማችሁ አታስኬዱት፣ ሲቆም የደም ግፊቱ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። ከተሻለው በኋላም ከሰአታት ቆይታ በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ቆይ ካሏችሁ ቆዩ፣ «ደህና ሆኗል እንሂድ» ብላችሁ አትቸኩሉ።

ይሄ ሁሉ ከሌለ፣ ልጁ እያከከ ግን እየተጫወተ ወይ እየተነጫነጨ ከሆነ፣ በቃ ቤት ውስጥ ይያዛል። ተረጋጉ።

እስክርቢቶ አምጡ

ይሄን ያሳየችኝ ያቺው ሀኪም ነች፣ እኔ ከዛ በኋላ ለስንቱ ጎረቤት እንደነገርኩ። አንዱን ሰንበር ምረጡና ዙሪያውን በእስክርቢቶ አስምሩበት፣ አጠገቡ ሰአቱን ጻፉ። በኋላ ሌላ ጊዜ ሲወጣባት የልጄ ጭን ላይ እንደዛ አድርጌ ተኛን፣ ጠዋት ብርድ ልብሱን ስገልጠው ሰማያዊው ክብ አለ፣ ውስጡ ግን ልስልስ ያለ የራሷ ቆዳ ነው፣ ሰንበሩ ጀርባዋ ላይ ተዛውሮ ሌላ ቦታ ተነፍቷል። የአለርጂ ሽፍታ ጠባዩ እንደዛ ነው፣ አንዱ ሰንበር ከ24 ሰአት በላይ አንድ ቦታ አይቆይም፣ እዚህ ይጠፋል እዛ ይወጣል፣ ሲጠፋም ምልክት አይተውም። ክቡ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካመመው ወይ የበለዘ ነገር ትቶ ከሄደ ሌላ ነገር ስለሆነ ሀኪም ይየው።

እኛ ቆዳችን ላይ ቅላቱ ብዙ አይታይም፣ «አልቀላም እኮ» ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ በእጃችሁ ዳብሱት ወይ የስልክ ባትሪ ከጎን አብሩበት፣ እብጠቱ ጥላ ይሰራል። በዛውም ፎቶ አንሱት፣ ምክንያቱም ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ሁሌ ጠፍቶ ነው የሚገኘው።

ከሌላው ለመለየት ያህል፦ ማታ ማታ የሚብስ፣ ጣቶች መሀል ያለ፣ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው። ትኩሳት፣ ሳል እና የቀላ አይን ቀድሞ ከፊት ጀምሮ ወደታች የወረደ ከሆነ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ውሰዱት። እግርና ክንድ ላይ ብቻ ትንንሽ ጠጣር ሆኖ ለቀናት የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ የቢምቢ ወይ የቁንጫ ንክሻ ነው፣ ሀይቅ ዳር ለምንኖር ደግሞ ይሄ ብዙ ነው፣ አጎበር ነው መፍትሄው። ትኩሳት ኖሮት ሽፍታው ላይ ብርጭቆ ስትጫኑበት የማይጠፋ ከሆነ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ።

ማሳከኩን ማብረድ

ንጹህ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ለ10 ወይ 15 ደቂቃ አድርጉበት፣ በረዶ በቀጥታ አታስነኩት። ሙቅ ውሃ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሩጫ ያባብሱታል፣ ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ አልብሱት፣ ጥፍሩን ቁረጡለት። ካላሚን የሚባለው ሮዝ ፈሳሽ ከፋርማሲ ይገኛል፣ ትንሽ ያቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ የጣና ልጆችን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ልጅ ሽፍታው የሚነሳበት ከራሱ ከቅዝቃዜው ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ወይ ከዋና ሲወጣ ይሸፈሸፋል። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ካላችሁ ቀዝቃዛ ጨርቁን ተዉት፣ ሀኪም ሳያየው ደግሞ ሀይቅ ውስጥ አታስገቡት፣ ሰውነቱ በሙሉ በአንዴ ሲቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ እንዳለ ራሱን ሊስት ይችላል።

መድሀኒት

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሴትሪዚን ሽሮፕ ነው፣ ሎራታዲንም አለ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትስጡ። የሴትሪዚን ጠርሙስ ላይ በ5 ሚሊ ውስጥ 5 ሚሊግራም የሚል ከሆነ ከ2 እስከ 5 አመት ላለ ልጅ 2.5 ሚሊ ጠዋት 2.5 ሚሊ ማታ ነው፣ ከ6 እስከ 11 አመት ላለ 5 ሚሊ ጠዋት 5 ሚሊ ማታ። ሌላ ዓይነት ጥንካሬ ያለው ስላለ ጽሁፉን ሳታነቡ እንዳትቀዱ፣ ፋርማሲስቱን አስነብቡት። ከ2 አመት በታች ከሆነ ወይ ኩላሊቱን የሚያመው ልጅ ከሆነ ሀኪም ሳያዝ አይሰጥም። የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዙ። ሲያሳክከው ብቻ ከመስጠት ጥቂት ቀን በሰአቱ መስጠት ይሻላል፣ ሲቆም ሲነሳ እያለ ልጁ እንዳይሰቃይ።

ክሎርፌኒራሚን እና ዲፈንሃይድራሚን የሚባሉት የድሮዎቹ የአለርጂ መድሀኒቶች እንቅልፍ ያስወስዳሉ፣ ብዙ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ተደባልቀው ስላሉ ሁለት ጠርሙስ አንድ ላይ ስትሰጡ ሳታውቁት እጥፍ ልትሰጡ ትችላላችሁ። ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል ስጡ፣ አይቡፕሮፌን አንዳንዴ ሽፍታውን ያስነሳዋል። ሽፍታው የወጣው አሞክሳሲሊን ወይ ሌላ መድሀኒት እየወሰደ ከሆነ የሚቀጥለውን ከመስጠታችሁ በፊት ሀኪሙን አማክሩ፣ የመድሀኒቱንም ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ።

እኛ ያን ሌሊት ያደረግነው ሌላ ነው። ሲነጋ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፣ ምንም ሳይጠይቁን መርፌ ወጓት፣ ለአንድ ቀን ጠፋ፣ ከዛ ተመልሶ ወጣ፣ እኛም በድጋሚ «መርፌው ይወጋት» ብለን ሄድን። የዴክሳሜታሶን ዓይነት መርፌ ሀኪም ለከባዱ ያዘዋል፣ ለተራ ሽፍታ ግን እናንተ ጠይቃችሁ የምታስወጉት ነገር አይደለም።

ለዳማከሴው ደግሞ እናቴን አላስቀየምኳትም፣ «እማ፣ አሁን ቆዳዋ ስለተቆጣ ምንም ባንቀባት ይሻላል» አልኳት፣ ገባት። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ግን በፍጹም፣ ነጭ ሽንኩርት የልጅ ቆዳ ያቃጥላል፣ በኋላ ሽፍታውን ትታችሁ ቁስል ነው የምታክሙት።

ምግብ ከመከልከላችሁ በፊት ሰአቱን ቁጠሩ

ይሄን ለመጻፍ ነው የተነሳሁት። ከ5 ወር በኋላ ያገኘናት ሀኪም የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ «እንቁላሉን ስንት ሰአት በላች?» ቀን 6 ሰአት። ሽፍታው ስንት ሰአት ወጣ? ሌሊት 9። 15 ሰአት። እንዲህ ዓይነት የምግብ አለርጂ የሚመጣው በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በ2 ሰአት ውስጥ ነው። ከዛ «በዛ ሰሞን ጉንፋን ነበራት?» አለችኝ፣ አዎ፣ ለ3 ቀን አፍንጫዋ ሲፈስ ነበር። ልጆች ላይ ድንገት ለሚወጣ ሽፍታ ዋናው ምክንያት ቫይረስ ነው፣ ያ ተራ ጉንፋን፣ ጉንፋኑ ከለቀቀ በኋላ ራሱ ሽፍታው ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ሊመላለስ ይችላል። የኛ ልጅ ከፋሲካ በፊት እንቁላል እየበላች ነው ያደገችው፣ ያንን ማንም አላሰበውም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ፦ ሽፍታው የወጣበት ሰአት፣ ከዛ በፊት ባለው 2 ሰአት የበላው፣ የወሰደው መድሀኒት፣ የነደፈው ነገር፣ ጉንፋን ወይ ትኩሳት መኖሩ። አንድ ምግብ በበላ ቁጥር በዛ ሰአት ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ያንን ምግብ አቁሙና ሀኪም ጋ ሂዱ፣ ቤት ውስጥ «እስቲ ትንሽ ቅመሰውና እንየው» ብላችሁ አትሞክሩ። ከዛ ወዲህ በልቶት ምንም ያልሆነበት ቀን ካለ ግን ብዙውን ጊዜ ምግቡ አይደለም። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሳ በጥርጣሬ ብቻ አንድ ላይ መከልከል የሚያድግ ልጅ መጉዳት ነው። እየመጣ እየሄደ ከ6 ሳምንት ካለፈ ምርመራ ያስፈልገዋል።

መስከረም ሲጠባ የሚጀምረው

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሲሆን የኔ ልጅ በተከታታይ 6 ጊዜ 7 ጊዜ ታስነጥሳለች፣ አይኗን ታሻለች፣ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ ትገፋለች፣ የሚወርደው እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ትኩሳት የለም። ጉንፋን ቢሆን በሳምንት በ10 ቀን ይለቅ ነበር፣ ይሄ ለሳምንታት ይቆያል። ሰው አደይ አበባን ይወቅሳል፣ የአደይ ዱቄት ግን ከባድና ተጣባቂ ነው፣ ንብ ነች የምታመላልሰው፣ በነፋስ ብን ብሎ አፍንጫ የሚገባው በብዛት የሳሩ ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ አቧራ ይመጣል፣ ዘመድ ለመጠየቅ ገጠር ስትወጡ ልጁን ከአውድማው አርቁት።

የምናደርገው ይሄ ነው። ከውጭ ስትመጣ ፊቷን ታጥባ ልብሷን ትቀይራለች፣ ማታ ጸጉሯን በውሃ እናብሳለን፣ በዚህ ወቅት የሷን አንሶላ ውጭ አላሰጣም። ቡና ሲፈላ እጣኑና ከሰሉ በረንዳ ወጥቷል፣ ሳሩንም መጎዝጎዝ ትተናል፣ እናቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፣ ልጅቷ ሌሊቱን ሳታስል ስታድር ግን እሷው ራሷ «ይቅር» አለች። ህዳር 12፣ ህዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል መስኮት ዘግተን ውስጥ ነን። ሀይቅ ዳር ቤት እርጥበት ስላለው ፍራሽ ውስጥ በአይን የማትታይ የአቧራ ተባይ ትራባለች፣ ስለዚህ ፍራሽና ትራስ ጠንከር ያለ ጸሀይ ላይ ይውጣ፣ አንሶላ በየሳምንቱ በደንብ በሞቀ ውሃ ይታጠብ።

አፍንጫውን በጨው ውሃ ማጠብ ይጠቅማል፣ ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን ጠብታ መግዛት ነው የሚቀለው፣ ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ 250 ሚሊ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በየቀኑ አዲስ። ፍሉቲካዞን የመሰለ የአፍንጫ ስፕሬይ ሀኪም ካዘዘ (ከ4 አመት ጀምሮ ይሰጣል) በአንድ ቀን አልሰራም ብላችሁ አትጣሉት፣ ሙሉ ለሙሉ እስኪሰራ ቀናት ይፈልጋል፣ እኛ ነሀሴ መጨረሻ ላይ ነው የምናስጀምራት። አፍንጫ ወዲያው የሚከፍተው ዛይሎሜታዞሊን ጠብታ ደግሞ ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰድ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል። አንቲባዮቲክ ለዚህ ምንም አይሰራም። ማታ ማታ ሳል ካለ፣ ሲሮጥ ደረቱ ሲጥ ሲጥ ካለ አስም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ቤት ውስጥ ብቻ የሚያዝ አይደለም።

ዘጌ ወይ ደሴቶቹ ጋ በጀልባ ስትሄዱ እዛ ፋርማሲ ላታገኙ ስለምትችሉ ሽሮፑን፣ ሲሪንጁን እና ደብተሩን አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ። የልጁንም ኪሎ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፣ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ አድሬናሊኑን የሚለኩት በኪሎው ነው።