አሞኒያን የሚለይ የፖሊአኒሊን ስስ ሽፋን እንዴት ይሠራል?

ፖሊአኒሊን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ኦርጋኒክ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል) ነው። አሲድ ሲይዝ አረንጓዴ ሆኖ ያስተላልፋል፤ የአሞኒያ ጋዝ ሲያገኘው ፕሮቶን ይወስድበትና ወደ ሰማያዊ እያደላ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚቃወምበት መጠን) ይጨምራል። ሽፋኑን ለመሥራት የቫክዩም ማሽን አያስፈልግም። ጭስ መሳቢያ ያለው የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ግን የግድ ነው፤ የፖሊመሩ መነሻ የሆነው አኒሊን ሃይድሮክሎራይድ በቆዳ ገብቶ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነውና ያለጓንትና መነጽር አይንኩት።

የማይክሮስኮፕ ስላይድ በሳሙና፣ በዲስቲልድ ውሃ፣ በመጨረሻም በአይሶፕሮፓኖል ያጽዱ። የጣት ቅባት የነካው ቦታ ላይ ሽፋኑ ቀዳዳ ያወጣል።

1.04 ግራም አኒሊን ሃይድሮክሎራይድ በ20 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ አኒሊኑን ወደ ፖሊመር የሚለውጠውን 2.28 ግራም አሞኒየም ፐርሰልፌት ደግሞ በሌላ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ። ስላይዱን ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ አቁመው ሁለቱን ይቀላቅሉ። ካጋደሙት ዝቃጩ ላዩ ላይ ይረጋበታል። ጥቂት ደቂቃ ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ ከዚያ ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆንና እየሞቀ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል። ቴርሞሜትሩ ከፍተኛውን ደርሶ መውረድ ሲጀምር ስላይዱን ያውጡ፤ በክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ሙቀት ስለሚያመነጭ መጠኑን አያብዙ።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እጥበቱ ላይ ነው። በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ አሲዱ ይሄድና የሽፋኑ ጠርዝ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሬዚስታንሱም ወደ ሜጋ ኦም ይዘላል። ስለዚህ በ0.2 ሞላር (በሊትር 0.2 ሞል) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቅልቁ። ይህን ለማዘጋጀት 1.7 ሚሊ ሊትር የ37 በመቶ አሲድ ውሃ ላይ ጨምረው 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ከዚያ በክፍል ሙቀት እንዲደርቅ ይተዉት።

ከደረቀ በኋላ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር አስቀርተው ሌላውን ይፋቁ። በመስመሩ ላይ በ10 ሚሊ ሜትር ርቀት ሁለት ቦታ የካርቦን ቀለም ቀብተው ሽቦ ያያይዙ። ሽፋኑን በቀጥታ በመዳብ ኤሌክትሮድ ላይ ማሳደግ አይሞከርም፤ አሞኒየም ፐርሰልፌት የሰርኪት ቦርድ መዳብ የሚበላበት ኬሚካል ነው። መልቲሜትር ብዙውን ጊዜ ከአሥሮች እስከ መቶዎች ኪሎ ኦም ያሳያል።

ከ5 ቮልት ወደ ሽፋኑ በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያገናኙ፣ የሽፋኑን ሌላ ጫፍ ግራውንድ ያድርጉ፣ ሬዚስተሩና ሽፋኑ የሚገናኙበትን ነጥብ ወደ አርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ሰርኪት ቦርድ) አናሎግ ፒን ይውሰዱ። ከፒኑ ወደ ግራውንድ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ካልገባ ንባቡ ይዋልላል።

አሁን ሽፋኑ ላይ በአፍዎ ይተንፍሱ። ሬዚስታንሱ ይወርዳል። እርጥበት ከአሞኒያ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፋ አጠገቡ የእርጥበት ሴንሰር ከሌለ ንባቡን ማመን አይቻልም።

ሽፋኑ ለታወቀ የአሞኒያ መጠን ምን ያህል እንደሚለወጥ ለመለካት 7.5 ሚሊ ሊትር የ25 በመቶ አሞኒያ በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱ፤ 1 ሞላር ያህል ይሆናል። ከዚህ 8 ማይክሮ ሊትር በተዘጋ የ5 ሊትር ማሰሮ ውስጥ ሲተን አዲስ አበባ ላይ ወደ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50 ክፍል አሞኒያ) ይሰጣል። በባሕር ጠለል ከፍታ ግን ያው ጠብታ 39 ገደማ ነው፤ አየሩ እዚያ ይበልጥ ጥቅጥቅ ይላል። ከመጽሐፍ የተቀዳ ስሌት አዲስ አበባ ላይ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ቀጭን መፍትሔ በብዛት መጨመር ደግሞ ማሰሮውን በእንፋሎት ይሞላዋል። ሁልጊዜ አስቀድመው 8 ማይክሮ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞክረው የሚመጣውን ለውጥ ይመዝግቡ። የማሰሮው ግድግዳም ጥቂት አሞኒያ ስለሚይዝ እውነተኛው መጠን ትንሽ ያንሳል።

ጋዙ ሲወጣ ሽፋኑ ቶሎ አይመለስም፤ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ወደ መነሻው አይደርስም። ያን ጊዜ በ0.2 ሞላር አሲድ ነክረው ያድርቁት። አረንጓዴው ካልተመለሰ አዲስ መሥራት ይቀላል።