ውኃ ለማይለየው ቢላ ብረት ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የቆሮሶ ፊሌቶ የሚያወጣ ሰው ቢላው ከጠዋት እስከ ማታ አይደርቅም። ቅርፊት ይፍቅበታል፣ ሆድ ይሰነጥቅበታል፣ በውኃ አለቅልቆ እንደገና ዓሣው ላይ ያሳርፈዋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢላ ሊገዛ የሄደ ሰው ግን ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ እጀታውን ጨብጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይመለሳል። ስለ ብረቱ አይጠይቅም። ቆይቶ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያይ ነጋዴውን ይረግማል።

የመጀመሪያው ስህተት «ስቴንለስ» (የማይዝግ) የሚለውን ጽሑፍ እንደ ዋስትና መቁጠር ነው። ቃሉ የሚነግረን ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም መኖሩን ብቻ ነው። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫር መልሶ ይደፈናል። የብረት ተመራማሪው ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ ያቀለጠው ብረት 12.8 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ነበረው። ሰውየው ያሰበው ለጠመንጃ አፈሙዝ ነበር፤ ዕድሜ ለሼፊልድ ቢላ ሠሪዎች፣ ብረቱ ማዕድ ላይ ደረሰ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ካርቦን ነው። ቢላ ስለት እንዲይዝ ካርቦን ያስፈልገዋል፤ ካርቦን ደግሞ ክሮሚየሙን ይሻማል፤ በካርቦን የተያዘ ክሮሚየም ሽፋን አይሠራም። ዲ2 የሚባለው ብረት 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ቢኖረውም ካርቦኑ 1.5 በመቶ ስለሆነ እርጥብ ካደረ ይዝጋል። ብዙ የጀርመን የወጥ ቤት ቢላዎች የሚሠሩበት፣ 1.4116 በሚል ቁጥር የሚጠራው ብረት ግን ክሮሚየሙ 15 በመቶ፣ ካርቦኑ ግማሽ በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

በማግኔት መፈተንም ብዙዎችን አሳስቷል። «ማግኔት ከያዘው ይዝጋል» የሚባለው ለቢላ አይሠራም። ማግኔት የማይይዘው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው የማንኪያና የድስት ብረት ነው፤ እሱ በእሳት ነድዶ አይጠነክርም፣ ቢሳልም ቶሎ ይዶለዱማል። ጥሩ የማይዝግ ቢላ ማግኔት ይይዘዋል።

ጠንካራውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ማየት ሌላው ስህተት ነው። ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚወጣው ቢላ ለሥጋ የሚወደድ ስለት አለው፤ እኔም አልንቀውም። ነገር ግን የባሌስትራ ክሮሚየም ቢበዛ አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ ተወልውሎ ዘይት ካልተቀባ በአንድ ሌሊት ይቀላል። ለፊሌቶ የሚያስፈልገው የዓሣውን አጥንት ተከትሎ የሚተጣጠፍ፣ ቶሎ ቢዶለዱም እንኳ በትንሽ ሞረድ የሚመለስ ቀጭን ስለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ውኃን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው። የጣና፣ የሐዋሳና የዝዋይ ውኃ ጨዋማ አይደለም፤ 1.4116 በቂ ነው። ባሕር ሌላ ነገር ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን በመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቦታዎች ላይ ይበሳውና ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ጅዳ ወይም ዱባይ ዳርቻ ዓሣ ለሚያጠምድ ወገናችን እንደ ኤች1 እና ኤልሲ200ኤን ያሉ ናይትሮጅን የተጨመረባቸው ብረቶች ዋጋቸው ይገባቸዋል። ናይትሮጅን ብረቱን ሲያጠነክር እንደ ካርቦን ክሮሚየሙን አያሟጥጥም። ሐዋሳ ላይ ለዚያ ገንዘብ ማውጣት ግን ብክነት ነው እላለሁ።

ባሕር የሌለን እኛ ደግሞ በረኪና አለን፤ እሱም እንደ ባሕር ጨው ሽፋኑን ይበሳል። አንድ ምሽት የዓሣ ሽታ እንዲለቅ ብዬ ደህና ቢላዬን በረኪና ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክሬ ተኛሁ። ጠዋት ሳወጣው ስለቱ ያበራል፤ እጀታው ሥር ግን አምስት ስድስት ቡናማ ነጥቦች ወጥተዋል። በሳሙናና በጨርቅ ሳሸው ቀለሙ ለቀቀ። መርፌ ሳስኬድበት ጫፉ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ጎድጓዳ እያገኘ ይቆም ነበር። እነዚያ ጉድጓዶች ዛሬም አሉ፤ እርጥበትና ጨው ስለሚይዙ ዝገቱ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከእነሱ ነው። ለሽታው ሎሚ አሽቶ ወዲያው በውኃ ማጠብ ይበቃ ነበር።

በመጨረሻ፣ ስለቱን ብቻ አይተው አይግዙ። የእንጨት እጀታ በብረቱ ግራና ቀኝ ውኃ ይቋጥራል፤ እጀታውን የያዙት ምስማሮች ተራ ብረት ከሆኑም ዝገቱ ከእነሱ ይነሳል። ምንም ክፍተት ሳይተው ብረቱ ላይ የተቀረጸ የፕላስቲክ እጀታ ባያምርም ለዓሣ ሥራ እሱን እመርጣለሁ። የቆዳ ሰገባ ካለው ለጉዞ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ቤት ሲደርሱ ቢላውን አውጥተው፣ አድርቀው ለብቻው ያስቀምጡት።